ክሽክሹን ማን ጠራው?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ የበርበሬ ማሳ ነው። ማሳው የአጎቴ ሲሆን ደምበጫ ወረዳ ውስጥ በተምጫ ወንዝ አቅጣጫ ይገኛል። ብዙ ሰው ጎጃም ሲባል ጤፍና ማር ነው ትዝ የሚለው። እኛ ግን ያደግነው በበርበሬ ነው። ከደምበጫ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም እስከ ቡሬ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ በአስፋልቱ ያለፈ ሰው በየደጁ የተሰጣውን ቀይ በርበሬ ሳያይ አያልፍም፤ ባያየው እንኳ ያስነጥሰዋል። የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፈለው፣ የእኔ ቢጤ ተማሪ ደብተርና የቤት ኪራይ የሚሸፈነው ከእሱ ነው። ስለዚህ ስለ በርበሬ በሽታ ስጽፍ ስለ ሌላ ሰው ችግር የምጽፍ እንዳይመስላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሁለተኛ ዓመቱን ትምህርት ጨርሼ ለእረፍት ቤተሰብ ዘንድ እያለሁ፣ መስከረም አጋማሽ ላይ አጎቴ አስጠሩኝ። «ና እስቲ፣ የተማርክበትን አሳየን» አሉኝ። እሳቸው ሲቀልዱም ሲያመርሩም ድምፃቸው አንድ ስለሆነ የትኛው እንደሆነ አልለየሁትም። ሄድን። በማሳው ጠርዝ፣ በጎረቤት ጓሮ በኩል፣ ሃያ የማይሞሉ ተክሎች ቅጠላቸው ዥጉርጉር ሆኖ ተጨማዷል። ቁመታቸውም ከሌሎቹ በስንዝር ያንሳል። ቅጠሉን ገልብጬ ሳይ ክሽክሽ ተደርድሮበታል። የቀረው ማሳ ግን ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ፣ አበባም አውጥቶ፣ የሚያስጎመጅ ነበር።

አጎቴ ጎንበስ ብለው አንዷን ግንድ ያዙና «እነዚህን ልንቀላቸው ይሆን?» አሉ። እኔም የኢንቶሞሎጂ ውጤቴ ጥሩ ስለነበረ ደፍሬ «ኧረ አንቱ፣ ለምን ይነቅሏቸዋል? ችግሩ ክሽክሹ ነው። መድኃኒት ያስረጩ፣ ክሽክሹ ሲሞት ያገግማሉ» አልኳቸው። እጃቸውን ከግንዱ ላይ አነሱ። እስካሁን ድረስ ዓይኔ ላይ ያለው ያ እጅ ነው።

መድኃኒት ተገዛ፤ አንድ ጊዜ ተረጨ፤ በሳምንቱ ተደገመ። በርበሬው አበባ ላይ ስለነበር የጎረቤት ንብ ሞተ፤ በዚያ ምክንያት ሁለቱ ቤተሰቦች ለጊዜው ተኮራረፉ። ክሽክሹ በእርግጥ ቀነሰ። ዥጉርጉሩ ግን አልቀነሰም። ጥቅምት ሲጋመስ የማሳው እኩሌታ ተጨማዶ ነበር። የተለቀመውም ዛላ አጭርና ጠማማ ስለነበር ገበያ ላይ ከሌላው ተለይቶ በርካሽ ሄደ። አጎቴ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም። «ዘንድሮ ምች መታው» ብለው ዝም አሉ። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ምን ነበር ያጠፋሁት? ክሽክሹን ሳየው ትክክል ነበርኩ። ክሽክሽ ቫይረስ እንደሚያስተላልፍም አውቅ ነበር፤ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። ያላሰብኩት ጥያቄ ግን አንድ ነበር። ያን ሁሉ ማሳ ትቶ ክሽክሹ በእነዚያ በታመሙት ላይ ለምን ተሰበሰበ? እኔ «ክሽክሹ ስለበዛ ተክሎቹ ታመሙ» ብዬ ደመደምኩ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ማንበብ ስጀምር ግን ነገሩ ወደ ኋላም እንደሚሄድ ተረዳሁ። ተክሎቹ ስለታመሙ ክሽክሹ በዝቶ ሊሆን ይችላል። የበሽታው ጀማሪ ራሱ በሩን ከፍቶ ተባዩን ያስገባል ማለት ነው።

መቼም ይህን ለማመን መጀመሪያ ተክል እንዴት እንደምትከላከል ማወቅ ያስፈልጋል። ተክል መሸሽ ስለማትችል ዝም ብላ የምትበላ አድርገን እንቆጥራታለን። እንዲያ አይደለም። ክሽክሽ መምጠጫ መርፌዋን በሴሎች መካከል አሹልካ ስኳር ወደሚመላለስበት ቱቦ፣ ማለትም ወደ ፍሎዬም፣ ስትደርስ ተክሏ ትነቃለች። ቱቦውን ካሎስ በሚባል ነገር መድፈን ትጀምራለች። ለነፍሳት የማይስማሙ ኬሚካሎች ታዘጋጃለች። ሽታዋም ይለወጣል። ይህን ሁሉ የሚያዙት በውስጧ የሚመላለሱ መልእክተኞች ናቸው፦ ጃስሞኒክ አሲድ፣ ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ኤትሊንና ሌሎችም። ጃስሞኒክ አሲድ በአብዛኛው ከነፍሳት ጋር፣ ሳሊሲሊክ አሲድ ደግሞ በአብዛኛው እንደ ቫይረስ ካሉ በሽታ አምጪዎች ጋር ለሚደረገው ውጊያ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይስማሙም፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል። ዘበኛው ሁሉ ወደ ፊት በር ሲሮጥ ጓሮው ባዶ እንደሚቀረው ነው።

ቫይረስ ደግሞ ክንፍም እግርም የለውም። ከአንዷ በርበሬ ወደ ሌላዋ ለመሄድ ተሸካሚ ይፈልጋል። አስቦ አይደለም፤ ቫይረስ አያስብም። ነገር ግን ተክሏን ለተሸካሚው ምቹ የሚያደርግ ዝርያ ቶሎ ቶሎ ይጓዛል፣ የማያደርገው ባለበት ይቀራል። በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ የቀሩልን ቫይረሶች መንገዳቸውን የሚያመቻቹት ናቸው። «ቫይረሱ ተክሏን ያታልላታል» ብዬ ስጽፍ በዚህ ትርጉም ያዙልኝ።

ማስረጃው ምንድን ነው? እኔን መጀመሪያ ያሳመነኝ እ.ኤ.አ. በ2014 ክሌር ካስቲልና ባልደረቦቿ ያወጡት ሥራ ነው። ቱርኒፕ ሞዛይክ የሚባለው ቫይረስ በያዛቸው ተክሎች ላይ አረንጓዴው የኮክ ክሽክሽ የበለጠ ይራባል። እነሱ የቫይረሱን ፕሮቲኖች ለያይተው ተክል ውስጥ እያስገቡ ሞከሩ። ኤንአይኤ-ፕሮ የምትባለው አንዷ ፕሮቲን ብቻዋን ስትገባ፣ ቫይረሱ በሌለበት፣ ክሽክሹ በዛ። ተክሏ ቱቦዋን የምትደፍንበት ካሎስም ቀነሰ። ይህች ፕሮቲን ዋና ሥራዋ የቫይረሱን ረጅም ፕሮቲን እየቆረጠ የሚያዘጋጅ መቀስ መሆን ነው። ለካስ በትርፍ ጊዜዋ ዘበኛ ታስተኛለች! በ2017 ደግሞ እነዚሁ ተመራማሪዎች፣ በኦሬሊ ባክ መሪነት በወጣ ጽሑፍ፣ ፕሮቲኗ ክሽክሽ ተክሏ ላይ ሲያርፍ በሴሉ ውስጥ ቦታ እንደምትለውጥ አሳዩ። ክሽክሹ ሲመጣ ወደ ቫኪዩል ትገባለች፤ ክሽክሹን የመርዳት ኃይሏም ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። በፖታቶ ቫይረስ ዋይ ላይም ይኸው የቦታ ለውጥ ታይቷል።

እዚህ ላይ ነው ከወንበሬ የተነሳሁት። ፖታቶ ቫይረስ ዋይ ስሙ የድንች ይሁን እንጂ የእኛም በርበሬ በሽታ ነው። በኢትዮጵያ በርበሬ ላይ እ.ኤ.አ. በ1993 እና በ1999 የወጡ የአሰሳ ጥናቶች አሉ፤ ፖታቶ ቫይረስ ዋይ ከተገኙት መካከል ነው። ከእነሱ ውስጥ አንዱ ቫይረስ ደግሞ የአገራችንን ስም ይዟል፦ ኢትዮፒያን ፔፐር ሞትል ቫይረስ። ሁለቱም፣ ካስቲል የሠራችበት ቱርኒፕ ሞዛይክም፣ የአንድ ወገን ልጆች ናቸው፤ ፖቲቫይረስ ይባላሉ። ክሽክሽ ነው የሚያመላልሳቸው። ስማችን ያለበትን ቫይረስ እኛ በክፍል ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሳናነሳው ሦስት ዓመት መማራችን አይገርምም?

እርግጥ ሁሉም ቫይረስ አንድ ዓይነት ጨዋታ አይጫወትም። ነገሩን ያጣፈጠልኝም ይኸው ነው። ኬሪ ማውክ፣ ኮንስዌሎ ዴ ሞራይስና ማርክ መሸር እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ በፔንስልቬንያ ዱባ ላይ ሠርተው ነበር። ኩከምበር ሞዛይክ ቫይረስ የያዛት ዱባ ሽታዋ ይበረታል፤ ክሽክሹም በሽታው ተስቦ ይመጣል። ይሁንና ሲቀምሳት አትጣፍጠውም፤ በላይዋም እንደሚገባው አይራባም፤ ስለዚህ ቶሎ ተነስቶ ይሄዳል። እንግዲህ ይህ ቫይረሱን ይጎዳዋል ብላችሁ እንዳታስቡ። እንዲህ ያለው ቫይረስ የሚያዘው በመርፌው ጫፍ ላይ ነው። ክሽክሹ ቅጠሉን ለጥቂት ሰከንዶች ቢወጋ ይበቃዋል፤ ከዚያ ቶሎ ሄዶ ሌላ ቢወጋ ነው የሚጠቅመው። ገበያ ላይ «ቅመሱ» ብሎ እንደሚጠራና ሸቀጡ ግን እንደማያምር ሻጭ ነው፤ ልዩነቱ ይህ ሻጭ የሚያተርፈው ገዥው ቀምሶ ሲሄድለት መሆኑ ነው።

የድንች ቅጠል ጠቅላይ ቫይረስ ግን የተገላቢጦሽ ነው። እሱ የሚገኘው ፍሎዬም ውስጥ ስለሆነ ክሽክሹ ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ መምጠጥ አለበት፤ ቫይረሱም በአካሉ ውስጥ አልፎ ወደ ምራቁ መግባት አለበት። ሳንፎርድ አይገንብሮድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳዩት፣ በዚህ ቫይረስ የተያዘ ድንች የሚያወጣው ሽታ ክሽክሹን ስቦ እዚያው ያቆየዋል። በላዩም ላይ ከጤነኛው በተሻለ እንደሚራባ ከዚያ በፊት የታወቀ ነበር። በአገራችንም የዚህ ዓይነት ፍሎዬም ውስጥ የሚኖር ቫይረስ በሽምብራና በባቄላ ላይ አለ። አዳነ አብርሃም ከጀርመን ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ለዓለም ያስተዋወቁት የሽምብራ ቫይረስ መጀመሪያ የታወቀው ከኢትዮጵያ ነው። ይህን በኩራት ነው የምጽፈው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የስንዴው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በአይዳሆ ሎራ ኢንግዌልና ባልደረቦቿ የገብስ ቢጫ ድንክ ቫይረስን አጠኑ። ቫይረስ የሌለበት ክሽክሽ የታመመውን ስንዴ ይመርጣል። ቫይረሱን ከያዘ በኋላ ደግሞ ጤነኛውን ይመርጣል። ይህን አንድ ጊዜ ደግማችሁ አንብቡት እስቲ። ባዶውን ወደ ታማሚው፣ የተጫነውን ወደ ጤነኛው! አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ያለ የስምሪት ሠራተኛ እንኳ ከዚህ በላይ አያስተናብርም።

እኛ ጋ ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ የበቆሎው ነው። ምዕራብ ጎጃም የበቆሎ አገር መሆኑን ለናንተ መንገር አያሻም። ገዳዩ የበቆሎ በሽታ፣ ኤምኤልኤን የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ኬንያ ውስጥ ታየ፤ በ2014 ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘ። ከሚያመጡት ሁለት ቫይረሶች አንዱን ትሪፕስ ያመላልሰዋል። በናይሮቢ ባለው በኢሲፔ የተሠራና በ2018 የወጣ ጥናት፣ ይህ ቫይረስ የያዘው በቆሎ ሽታው ተለውጦ ትሪፕሱን እንደሚስብ አሳይቷል። ይህ እንግዲህ አሜሪካ አይደለም። ጎረቤታችን ነው፤ በቆሎውም እኛው የምንበላው በቆሎ ነው።

አሁን ወደ አጎቴ ማሳ ልመለስ። ጥፋቴ ሁለት ነበር።

አንደኛው መድኃኒቱ ነው። በመርፌ ጫፍ የሚያዝ ቫይረስ በሰከንዶች ውስጥ ይተላለፋል። የትኛውም የምንረጨው መድኃኒት ክሽክሹን የሚገድለው ከዚያ ዘግይቶ ነው። ክንፍ ያላት አንዲት ክሽክሽ ከታመመችው ተክል ተነስታ ጤነኛዋን ወግታ ከሞተች ቫይረሱ ምን ቸገረው? ሥራው አልቋል። አንዳንድ መድኃኒት ደግሞ ተባዩን ከመግደሉ በፊት ስለሚያቅበጠብጠው ከተክል ወደ ተክል መዝለሉን ያበዛዋል። ለድንች ቅጠል ጠቅላይ ዓይነቱ፣ ሰዓታት ለሚፈልገው ቫይረስ ግን፣ መርጨት ሊጠቅም ይችላል። ስለዚህ «ክሽክሽ ካየህ እርጭ» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ነው። በእኔ ላይ የደረሰው ግማሹ ውሸት ነው።

ሁለተኛውና የባሰው ግን «አይንቀሉአቸው» ማለቴ ነው። የታመመችው ተክል በዓይኔ ተጎጂ ነበረች። አዎ ተጎጂ ናት። ነገር ግን መከላከያዋ ተፈትቶ፣ ሽታዋ ተለውጦ፣ በመስኩ መካከል ቆማ ለክሽክሹ ሁሉ ድግስ የምትደግስም እሷው ናት። ያ ሃያ የማይሞላ ተክል በመስከረም ቢነቀል ኖሮ አጎቴ ያጡት የሃያ ተክል ዛላ ነበር። እኔ ግን ማሳው ውስጥ ጠሪ አቁሜ፣ እንግዳ መጣ ብዬ ዱላ ያዝኩ። ገበሬው ሊነቅል እጁን ዘርግቶ የተማረው ሰው ነው የከለከለው። ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሳወራለት «አንተ ደግሞ ታጋንናለህ፣ እነዚህ ሙከራዎች እኮ በዱባና በአራቢዶፕሲስ ላይ ናቸው» አለኝ። እውነቱን ነው። አንድ ቫይረስ በተለያዩ ተክሎች ላይ የተለያየ ነገር ያደርጋል። ያው ኩከምበር ሞዛይክ በዱባ ላይ ክሽክሹን ያባርራል፤ በትምባሆ ላይ ግን ሁለት ቢ የምትባለው ፕሮቲኑ ክሽክሽን የሚጎዳውን የተክሏን መከላከያ እንደምታፍን እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ ታይቷል። ስለዚህ «በማረቆ ፋና ላይም እንዲሁ ነው» ብዬ አልምልም። የምለው ግን ሌላ ነው፦ የታመመችውን መንቀል የሚያስፈልገው ሙከራው በርበሬ ላይ እስኪደገም ተጠብቆ አይደለም። ተክሏ ክሽክሽ ጠራችም አልጠራችም የቫይረሱ ማከማቻ ናት። ብትጠራ ደግሞ ጥድፊያው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ሌላው ተቃውሞ የገበሬው ነው፤ እሱ ይከብዳል። ሦስት ዛላ የያዘች ተክል መንቀል ለእኛ ቀላል ነው፤ ደብተር ላይ ነዋ። ለገበሬ ግን ከአፍ ላይ መንጠቅ ነው። ስለዚህ ምክሩ ጊዜ ሊኖረው ይገባል። መንቀል የሚጠቅመው ገና በመደቡ ላይና ችግኙ ተዛውሮ በነበሩት የመጀመሪያ ሳምንታት፣ የታመመው ጥቂት በሆነ ጊዜ ነው። ማሳው ከተጋመሰ በኋላ «ንቀሉ» ማለት ፌዝ ነው፤ ያኔ ያለውን ለቅሞ መጨረስ ይሻላል። ችግኙን በመደቡ ላይ ሳለ በስስ መረብ መሸፈን፣ አምና የቀረውን አሮጌ በርበሬ ከጓሮ ማጥፋት፣ በማሳው ዙሪያ በቆሎ ቀደም ብሎ መዝራት ይረዳል። በቆሎው አጥር ብቻ አይደለም፤ ከውጭ የመጣ ክሽክሽ መጀመሪያ በቆሎውን ሲወጋ የበርበሬውን ቫይረስ ከመርፌው ጫፍ እዚያው ይጥለዋል። በቆሎ ደግሞ እኛ ጋ ጠፍቶ አያውቅም። በነገራችን ላይ የትምባሆ ሞዛይክ ዓይነቱ ቫይረስ በክሽክሽ ሳይሆን በእጅና በልብስ ስለሚተላለፍ የነቀለ እጅ ጤነኛውን ከመንካቱ በፊት መታጠብ አለበት። ይህንንም ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

እዚህ ላይ ለዲፓርትመንታችን የምለው አለኝ። መምህሮቻችን እንደማትቆጡኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ኢንቶሞሎጂን በአንድ ሴሚስተር፣ የእፅዋት በሽታን በሌላ ሴሚስተር፣ የእፅዋት ፊዚዮሎጂን ደግሞ ከሁለቱም ርቀን በመጀመሪያ ዓመት ተማርን። ክሽክሹ በአንዱ ደብተር፣ ቫይረሱ በሌላው፣ ጃስሞኒክ አሲድ ጭራሽ በጠፋው ደብተር ውስጥ ነው ያሉት። ማሳ ላይ ግን ሦስቱም በአንድ ቅጠል ጀርባ ተቀምጠው ያገኙናል። «ቫይረስ የሚያስተላልፉ አምስት ነፍሳት ጥቀስ» የሚለውን ጥያቄ ሁላችንም እንመልሳለን። «ክሽክሹ ለምን እዚህኛዋ ላይ?» የሚለውን ግን የጠየቁኝ አጎቴ እንጂ ፈተና አይደለም። አዲስ ኮርስ ይከፈት እያልኩ አይደለም። ሁለቱ መምህራን አንድ የጋራ የመስክ ቀን ቢያወጡልን፣ አንድ ማሳ ላይ አብረው ቆመው ቢከራከሩ፣ ከሁለት ሴሚስተር ይልቅ እንማርበታለን።

ደግሞ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ አጣን እያልን የምናማርር ጓደኞቼ፣ ርዕሱ ይኸውላችሁ። ወጪው የሚያስፈራ አይደለም። የማረቆ ፋናና ከቡሬ ገበያ የተገዛ የአካባቢ ዘር በማሰሮ ማብቀል፣ ከታመመ ቅጠል የተጨመቀውን ጭማቂ ግማሾቹ ላይ ማሸት፣ የቀሩትን በጤነኛ ቅጠል ጭማቂ ማሸት፣ ሁሉንም በመረብ መሸፈን። ክሽክሹን አስቀድሞ ጎመን ላይ ማርባት ነው፤ የበርበሬው ፖታቶ ቫይረስ ዋይ ጎመን ውስጥ ስለማይኖር ንጹሕ ክሽክሽ ይገኛል። ከዚያ በየተክሉ እኩል ቁጥር አስቀምጦ በአሥር ቀን መቁጠር። ሌላው ምርጫ ነው፦ በጨለማ ሣጥን ውስጥ ከታመመውና ከጤነኛው አንድ አንድ ቅጠል አድርጎ ክሽክሹን መሀል ላይ መልቀቅና ወዴት እንደሄደ ማየት። የትኛው ቫይረስ እንደሆነ ለማረጋገጥ ላብራቶሪ ያስፈልጋል፤ ለዚያ አዴት ያለውን የግብርና ምርምር ማዕከል ወይም በእፅዋት ጥበቃ ሥራው የታወቀውን የአምቦውን በዲፓርትመንት ደብዳቤ መጠየቅ ይቻላል። ውጤቱ «ልዩነት የለም» ቢሆንም ዋጋ አለው። እኔ ማሰሮዎቹን ገዝቻለሁ፤ አብሮኝ የሚቆጥር ሰው ነው የጎደለኝ። ክሽክሽ መቁጠር ዓይን ያጠፋል፤ ከአሁኑ አሳውቄያለሁ።

ባለፈው ግንቦት ቤት ሄጄ ነበር። አጎቴ መደቡን አጠጥተው ጨርሰው ነበር። ያነበብኩትን ሁሉ እንደ ንስሐ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና «ታዲያ አምና እጄን ለምን ያዝከኝ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ጎንበስ ብለን መደቡን አንድ በአንድ ተመለከትን። ዥጉርጉር ያለባቸውን ነቅለን፣ ክሽክሹ እንዳይበተን ከነቅጠላቸው ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከትተን ቀበርናቸው። ስቆጥራቸው አሥራ አራት ችግኝ ናቸው።

አጎቴ እጃቸውን በአመድ ታጠቡ። ከዚያ በአጥሩ ላይ አሻግረው የጎረቤትን መደብ አዩ። ንባቸው የሞተባቸው ያ ጎረቤት ናቸው። «የእሳቸውስ መደብ?» አሉኝ። ክሽክሽ አጥር እንደማያውቅ የነገርኳቸው እኔው ነኝ። ወንፈል የለመደ ሰፈር ስለሆነ አብሮ መንቀል አዲስ ነገር አይደለም፤ የከበደው ከኩርፊያ በኋላ በዚያ በር መግባት ነበር። አጎቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀደሙ፤ እኔም ከኋላ ባዶውን ከረጢት ይዤ ተከተልኳቸው።